ሱቅማ እኔም አለኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ቡታጅራ

ዴስኮቹን ዛሬ በሙሉ ከኬጂ ክፍሌ አስወጣሁ። የትምህርት ቤታችን ባለቤትም ዳይሬክተርም የሆኑት እትዬ ተናኘወርቅ በረንዳው ላይ ተደርድረው ሲያዩዋቸው «ዝናብ ይምታቸው ነው የምትዪው?» አሉኝ። ከጥበቃው ጋር ተሸክመን ወደ መጋዘን አስገባናቸው። ክፍሉ ባዶውን ሲቀር እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አሁን አራት ጥግ አለኝ። በመስኮቱ በኩል ሱቅ፤ ባዶ የዘይት ጀሪካን፣ የሻይ ቅጠል ካርቶን፣ የክብሪት ቀፎ ተደርድሯል፤ ገንዘቡ የለስላሳ ቆርኪ ነው። ከበሩ ጀርባ የግንባታ ጥግ፤ ከአናጢዎች ለምኜ ያመጣሁት የእንጨት ቁርጥራጭ፣ ባለቤቴ በቀለ ባለፈው እሁድ ከወልቂጤ ሲመጣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶልኛል። ሦስተኛው አሸዋና ውሃ፣ አራተኛው የቤት ጥግ። ክረምቱን ወልቂጤ ስንሰለጥን ያየሁትን ነው በአቅሜ የሠራሁት። ልጅ ቁጥርን መጀመሪያ በእጁ ካልያዘ በአፉ ቢለው ነፋስ ነው ብለውን ነበር። ያን ቀን አምኜ ነው የወጣሁት።

እትዬ ተናኘ የፈቀዱልኝ እስከ ጥር ፈተና ነው። «ወላጅ ካጉረመረመ ግን ዴስኩ በማግስቱ ይመለሳል» ብለዋል።

ረዳቴ የሺመቤት ቀኑን ሙሉ ወለል ስትጠርግ ዋለች። ስለ ጥጎቹ ምንም አላለችም። የሺ ዝም ካለች አልወደደችውም ማለት ነው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ልጅ ስትይዝ የኖረች ሴት ናት፤ ስልጠና አልሄደችም እንጂ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

ስለ ፈቲሀ ልጻፍ። የበርበሬ ነጋዴው የአቶ ጀማሉ ልጅ ናት፣ አምስት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። አምና ነርሰሪ እያለች ከዋን እስከ ሀንድረድ በዜማ አስጠንተዋት በሰኔው የወላጆች በዓል መድረክ ላይ አውጥተዋት ነበር። አባቷ ያን ጊዜ ተነስቶ አጨብጭቧል።

ዛሬ የሱቁ ባለቤት እሷ ነበረች። «ሦስት ቆርኪ ስጪኝ» አልኳት። አፍሳ ሰጠችኝ። «ሦስት ብቻ» አልኳት። ያንን መልሳ በሌላ እጇ አፈሰችልኝ። «እስቲ ቁጠሪልኝ» ስላት አንዱን ቆርኪ አንስታ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» እያለች ሃያ ደረሰች። በእጇ ያለው ቆርኪ አንድ ነው።

እትዬ ተናኘ በመስኮት ያዩ ነበር። «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» ብለዋት አለፉ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 25

መብራት የለም። ውሃም የለም። የአሸዋው ጥግ ደረቅ ዋለ። ሙባሪክ የሚባለው ልጅ የፈቲሀን ዓይን በአሸዋ ሞላው። የሺ አጠበችላት። ከወላጆች አንዷ «ልጄ በየቀኑ አፈር መስላ ነው የምትመጣው» አለችኝ። ድካም።

አርብ፣ ጥቅምት 26

መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። ግን ከሆዴ አልወጣ አለ።

ልጆች በሚወጡበት ሰዓት በሩ ላይ ሦስት አራት እናቶች የሺን ከበዋታል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ነበርኩ። የሺ «ገና ልጅ ናት እኮ። የራሷ ልጅም የላት። ምን አድርጊ ነው የምትሏት?» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «እሱን ነው የምንለው፣ ያልወለደች ስለ ልጅ ምን ታውቃለች» ስትል ሳቁ። የሺም ሳትስቅ አልቀረችም።

ከበሩ ስገባ ቀና ብላ «ሩትዬ፣ ሻሽሽ ወልቋል» አለችኝ። ምንም እንዳላለች ሆና።

እንግዲህ አብሬያት የምሠራት ሴት ይቺ ናት። አልተቀየምኩም። ሰው የሚለውን ይላል። ነገሩን የጻፍኩት የሥራ ጉዳይ ስለሆነ ብቻ ነው።

እሁድ፣ ጥቅምት 28

ከጸሎት ስንመለስ በቀለ ልጅ ስለዘገየብን የምንመረመርበትን የአታት ሆስፒታል ቀጠሮ አነሳ። እሱ የሚሠራበት ጋራዥ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው፤ አብረን እንሂድ ይላል። አሁን ጊዜ የለኝም፣ ከጥር ፈተና በኋላ አልኩት። «መስቀል ይለፍ ብለሽ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ብዬ ነበር። ግን አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ይዤ እንዴት ልሂድ? ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ እስከ መናኸሪያ አልሸኘሁትም፤ ለሱቁ ጥግ የዋጋ ካርድ እየቆረጥኩ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 6

ነገ አረፋ ነው። ከልጆቹ እኩሌታው አልመጡም። ከተማው የአዲስ አበባ ታርጋ በለጠፈ መኪና ተጨናንቋል፤ የመርካቶ ሰው ሁሉ አገሩ ገብቷል። ከቀሩት ጋር ግቢ ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ተጫወትን። ሙባሪክ በአንድ እግሩ እየዘለለ «ሁለት ቀረኝ» አለ። ማንም ሳያስተምረው። ለየሺ ልነግራት ዞርኩና ተውኩት። ያን አርብ በሩ ላይ ከሰማሁት ወዲህ ከሥራ ውጪ አላናግራትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

አቶ ጀማሉ ጠዋት ገና ደወል ሳይደወል መጡ። ከነሙሉ የበዓል ልብሳቸው።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ አቶ ጀማሉ። እንኳን አደረሳችሁ።»

«አብሮ ያድርሰን። ቲቸር፣ ልጄ እዚህ ምን እየተማረች ነው?»

ወደ ሱቁ ጥግ ወሰድኳቸው። ቆርኪውን፣ የዋጋ ካርዱን አሳየኋቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሰሙኝ።

«የወንድሜ ልጅ ከመርካቶ መጥቶ ነበር፣ እኩያዋ ነው» አሉኝ። «ቤት ሙሉ ዘመድ ፊት እስከ ሁለት መቶ ጻፈ። የኔዋን ጻፊ አልናት። እርሳሱን እንደ ማንኪያ ጨብጣ ቁጭ አለች። ሰው ሳቀ። ምንድነው የተማርሽው ስላት ‹ሱቅ› አለችኝ። ሱቅማ እኔም አለኝ፣ ቲቸር። ሱቅ ለማየት እዚህ ድረስ አልልካትም።»

እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ወይም ስለ ልጅቷ መናገር። እኔ ግን ስለ ብዛት ግንዛቤ፣ ስለ አንድ ለአንድ ማዛመድ፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ማብራሪያ ጀመርኩ። ግምገማ ላይ የቆመ ካድሬ ነው የመሰልኩት። ከዚያ ደግሞ የባሰውን ጨመርኩ፦ «ያ ልጅ ሁለት መቶ ጻፈ እንጂ ሁለት መቶ ምን እንደሆነ አያውቅም» አልኳቸው።

«አንቺ የወንድሜን ልጅ የት ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። ከእኔ ወጥተው ቀጥታ ወደ እትዬ ተናኘ ቢሮ ገቡ።

አርብ፣ ኅዳር 10

ወሬው ከተማውን ሞላ። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን አስወጥተው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ወሰዱ። እትዬ ተናኘ ጠርተውኝ በር ዘጉ።

«ሩት፣ እኔ ጨዋታሽን አልጠላሁትም። ግን ይሄ ትምህርት ቤት በወላጅ ነው የቆመው። ታኅሣሥ 9 ቅዳሜ ወላጆችን እጠራለሁ። ልጆቹ ቁጥር ማወቃቸውን ፊታቸው አሳዪ። ካሳየሽ ይቀጥላል። ካላሳየሽ ዴስኩ ሰኞ ይገባል።»

«ምን ላሳይ?»

«ፈቲሀን አሳዪ። አባቷ ዝም ካለ ሌላው ዝም ይላል።»

ስወጣ የሺ በረንዳው ላይ ነበረች። «ምን አሉሽ?» አለችኝ። «ምንም» ብያት አለፍኩ። ደስ ይበላት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ፈቲሀ አንድን ነገር ስጪ ስላት ትሰጣለች። ሁለትም አንዳንዴ። ሦስት ሲሆን ታፍሳለች። ሌሎቹ እየገባቸው ነው፤ ሙባሪክ ያለ ስህተት እስከ ሰባት ይሸጣል። እሷ ግን ዜማው ቀድሟታል፤ ቁጥር ስትሰማ አፏ ይከፈታል፣ እጇ ይተኛል።

ጊዜ ቢኖረኝ አልጨነቅም ነበር። ጊዜ ሰጥቼ እንድጠብቃት ነው የተማርኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 23

ጠጠር አምጥቼ ቅልልቦሽ አስጀመርኳቸው። ሴቶቹ ወደዱት። ፈቲሀ እየተጫወተች ሁለት ሁለቱን ስታነሳ አየሁና በደስታ «ስንት አነሳሽ?» አልኳት። ቀና ብላ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ፎር» ብላ ቀጠለች። ጠጠሮቹ ወደቁ። መጠየቅ አልነበረብኝም። ለምን ጠየቅኳት?

በቀለ በዚህ ሳምንትም አልመጣም። ሥራ በዝቶበታል አለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 28

ጊዜው እየተጣበበ ነው። ዛሬ በእረፍት ሰዓት ፈቲሀን ለብቻዋ አስቀርቼ አለማመድኳት። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ብዙም አልገፋንም። ድምፄን ትንሽ ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም። ደክሟት ነበር መሰለኝ፤ ውሃ ነካት፣ ልብሷን ቀየሩላት። ነገ እንደገና እንሞክራለን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 29

ፈቲሀ አልመጣችም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 30

ዛሬም አልመጣችም። ጉንፋን ይሆናል።

አርብ፣ ታኅሣሥ 1

ዛሬ ከየሺ ጋር ተጣላን። ለወራት ያልተናገርነውን ነው በአንድ ጊዜ ያወጣነው።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ «ፈቲሀ ጋ ደርሰሽ መጥተሻል?» አለችኝ። «ታማ ይሆናል፣ ትመጣለች» አልኳት።

«አልታመመችም። እናቷን ሰፍያን ገበያ አገኘኋት። ቁጥር የሚባል ስትሰማ አልጋ ስር ትገባለች አለችኝ።»

«ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ?»

መጥረጊያዋን አስቀመጠች። «ሩት፣ የልጅቷን ቀሚስ ማን ያጠበው ይመስልሻል? ድምፅሽ እስከ ኩሽና ይሰማ ነበር። ‹ሦስት አልኩሽ፣ ሦስት› እያልሽ ጠረጴዛውን ስትደበድቢ። ስደርስ ልጅቷ በሽንቷ ርሳ ቆማለች፣ አንቺ ደግሞ አሁንም ቆርኪውን ፊቷ ይዘሻል።»

ሌላ የምለው ስላጣሁ የጥቅምቱን አርብ ነገር አነሳሁባት። በር ላይ ስታሙኝ፣ ልጅ የላትም ስትዪ ሰምቼሻለሁ አልኳት።

«እነዚያ ሴቶች ፊርማ ይዘው እትዬ ተናኘ ጋ ሊገቡ ነበር» አለች። «እንድትባረሪ። እስከ ገና ተዉአት ብዬ ለመንኳቸው። ገና ልጅ ናት፣ ልጅም የላት፣ እነዚህን ነው እንደ ልጇ የያዘች አልኩ። ልመና ነው የሰማሽው።»

ጨርሼ አልሰማሁም ነበር እንግዲህ። ከግድግዳ ኋላ የቆመ ሰው የሚሰማው እኩሌታውን ነው።

ይቅርታ አላልኳትም። አፌ እንቢ አለኝ። ማክሰኞ ዕለት የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። «ውሃ ነካት» ብያለሁ። ለራሴ በምጽፈው እንኳ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4

ጠዋት ቀድሜያት ገብቼ ወለሉን ጠረግኩ። የሺ ስትገባ «ይቅር በዪኝ» አልኳት። «እኔን ተዪኝ፣ ልጅቷን ነው» አለችና የሥራ ልብሷን ለበሰች። ከዚያ ስለ ጥጎቹ ምን እንደምታስብ ጠየቅኳት። በሁለት ወር ውስጥ ዛሬ መጠየቄ ነው። «ጥሩ ነው፣ አሸዋው ግን ከበሩ ይራቅ» አለች። አራቅነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9

ወላጆች መጡ። አቶ ጀማሉ አልመጡም፣ ሰፍያም አልመጣችም።

ልጆቹን ምንም አላለማመድኩም። እንደወትሮው ወደየጥጋቸው ሄዱ። ሙባሪክ ለገዛ እናቱ ስኳር ሸጦ መልስ ሰጣት። አንድ አባት ተንበርክኮ ከልጁ ጋር የእንጨት ፎቅ ሠራ፤ ሱሪው አቧራ ሆነ፣ ግድም አልሰጠው። ጥሩ ጠዋት ነበር፤ እውነቱን መጻፍ አለብኝ። ነገር ግን ከኋላ የቆሙት «ደብተሩስ?» ይሉ ነበር። አንዷ «ደስ ይላል፣ ግን አንደኛ ክፍል ሲገቡ ሱቅ ይፈትኗቸዋል?» አለች። እትዬ ተናኘ ወደ እኔ አላዩም።

ሲያልቅ ክፍሉ ውስጥ ለብቻችን ቀረን። «አቶ ጀማሉ ልጁን ከገና በፊት ሊያዛውር ነው» አሉኝ። «ሌሎችም ይከተሉታል። ዴስኩ ሰኞ ይገባል። የሱቁን ጥግ ብቻ እተውልሻለሁ፣ እሱም አርብ አርብ ከሰዓት።»

«እሺ» አልኩ። ወደ ቤት ስሄድ ነው መልሱ ሁሉ የመጣልኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 11

ዴስኩ ገባ። በየደብተሩ መስመር 1፣ 1፣ 1። ሙባሪክ ሱቁ መቼ ይከፈታል ብሎ ጠየቀኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 16

ዛሬ አቶ ጀማሉ ቤት ሄድኩ። የሺ አብሬሽ ልሂድ ብላኝ ነበር፤ ለብቻዬ መሄድ አለብኝ አልኳት። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልመለስ ዳድቶኛል።

ሰፍያ በሩን ከፍታ አስገባችኝ። ፈቲሀ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ሆና አንድ ዓይኗን ብቻ አሳየችኝ። አቶ ጀማሉ ተነስተው ወንበር ሰጡኝ፤ ሰላምታቸው ግን አጭር ነበር።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አልኩ። «ልጃችሁ ላይ ጮኼባታለሁ። አስደንግጫታለሁ። ለወላጆች ቀን ላሳያት ብዬ ነው፤ ለእሷ ብዬ አይደለም።»

አቶ ጀማሉ ሰፍያን አዩ። ይሄን የጠበቁ አልመሰለኝም። «እኔም ጮኼባታለሁ» አሉ። «በአረፋ፣ ሰው ፊት።»

ሰፍያ ሻይ አመጣች፣ ከቆጮና ከጎመን ጋር። ስንበላ አቶ ጀማሉ ቀስ ብለው ጀመሩ።

«ቲቸር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ባንክ ስሄድ በአውራ ጣቴ ነው የምፈርመው። የባንኩ ልጅ ቀለሙን አምጥቶ ጣቴን ይይዝና ወረቀቱ ላይ ያሳርፈዋል። ሃያ ዓመት ነግጄ አሁንም ጣቴን ሰው ነው የሚይዝልኝ። ፈቲሀ እርሳስ ስትይዝ ማየት ነው የምፈልገው። ሌላ የምፈልገው የለም።»

ያን ቀን በበዓል ልብሳቸው ሲመጡ ይሄን መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ለምን መጻፏን ይፈልጋሉ ማለት። አንድ ጥያቄ ነበር። ስለ ብዛት ግንዛቤ ስተነትን ዋልኩ።

«ቢመልሷት በእርሳስም፣ በጨዋታም አስተምራታለሁ» አልኳቸው።

«ተመዝግባለች፣ ሰኞ ትጀምራለች» አሉ። በቁጣ አልነበረም። «ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

እሺ ከማለት ሌላ ምን አለ። ስነሳ ስልካቸው ጠራና ወደ ጓሮ ወጡ። ሰፍያ ልጇን በሩ አጠገብ ወዳለው ጆንያ ጠርታ «ከአያትሽ ጓሮ የመጣውን ብርቱካን ለቲቸር አምስት ስጪያት፣ እንዳታፍሪ» አለቻት።

ልከለክላት ነበር። አትጠይቂያት፣ አምስት አትበያት ልል። ፈቲሀ ግን ጆንያው ላይ ጎንበስ ብላለች። አንድ ብርቱካን አውጥታ ነጠላዬ ላይ አስቀመጠች። ተመልሳ ሌላ። ዝም ብላ ነው፣ ዜማ የለም፣ ከንፈሯም አይነቃነቅም። በየመሃሉ ነጠላዬ ላይ ያለውን ታያለች። አምስተኛውን ስታስቀምጥ የጆንያውን አፍ ጠቀለለችው።

ከዚያ ዓይኗ ከላይ ያለው ትልቁ ላይ አረፈ። አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ይሄ የኔ ነው» አለችኝ። «አራት ቀረሽ።»

ሰፍያ «ምን ነካሽ አንቺ፣ ለእንግዳ የሰጡትን ይቀማሉ?» ብላ ተቆጣቻት። አቶ ጀማሉ ጓሮ ሆነው ጀርባቸውን ሰጥተው ስለ ጭነት ያወራሉ፤ አላዩም። ልጠራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። እንደገና በይ ሊሏት ነው፤ እሷም አልጋ ስር ልትገባ ነው። ዘጋሁት።

«ልክ ነሽ፣ አራት ቀረኝ» አልኳት። ብርቱካኑን እየላጠች ሄደች።

መንገድ ላይ ለበቀለ ደወልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አታት እንሄዳለን አልኩት። «ፈተናውስ?» አለኝ። «ይጠብቅ» አልኩት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

ፈቲሀ ዛሬ ከመንገዱ ማዶ ጀመረች። ሰልፋቸው ሲዘምር ከእኛ ግቢ ይሰማል፤ የሷን ድምፅ ለመለየት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

ከሁለተኛው እረፍት በኋላ እትዬ ተናኘ ወረዳ ለስብሰባ ሄዱ። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ እንዳቀረቀሩ የሺ በሩን ዘጋችና ከፊት የተቀመጡትን አስነሳች። ምንም ሳትናገረኝ የመጀመሪያውን ዴስክ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ግድግዳው መግፋት ጀመረች። ከባድ ነው፣ ለብቻዋ አይሆንም። ጠመኔውን አስቀመጥኩና በሌላው በኩል ያዝኩላት።